ስምንት ሰዓት፣ ድልድዩ አጠገብ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1988

ልጄን የነጠቀኝ አስፋው ነው። ሌላ ማንም አይደለም። ዳዊቴን ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ልብስ ያለበሰው እሱ ነው። የምጽዋዋ ደሴት ጥዋለት ስትወድቅ በጀልባ ወጥቶ የተረፈው ግን እሱ ብቻ። አሁን ዴን ሃግ ይኖራል፤ እሑድ እሑድ ለቅዳሴ እኛ ጋ ሮተርዳም ይመጣል። ወደ እኔ ሲጠጋ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። በጊዮርጊስ ቀን እንዲህ መጻፍ ደግ አይደለም፤ ቢሆንም ጻፍኩት።

መጻፍ ያስተማረኝም ዳዊት ነው። አርባ ካለፈኝ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ። ሀ እየተገለበጠችብኝ በ ትሆን ነበር። «እማዬ፣ ደፋሻት! ውሃዋ ፈሰሰ!» እያለ ይስቅብኛል። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዛሬ ከታች ፎቅ ያሉትን ሆላንዳዊ ሽማግሌ ሚኒር (አቶ) ቪምን ጠየቅኋቸው። ልጄ ጽጌ በየቤቱ እየሄደች ሽማግሌ የምትረዳበት ሥራዋ እሳቸው ጋም ያስገባታል፤ እሷ ታስተረጉማለች። ድሮ ማሪን፣ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር፣ ነበሩ። የማሪኖቹን ጦርነት እንደ ዘር ሐረግ ይቆጥሩታል፦ እስከ እንግሊዞች ወንዝ ድረስ ገብተው መርከብ ያቃጠሉበት፤ የጅብራልታርን አለት የያዙበት፤ ከዚያ የኛው የማስ ወንዝ ድልድይ፣ ጀርመን የመጣ ጊዜ። «እዚህኛው ላይ እኔም ነበርኩ» ይላሉ፣ ሾርባቸውን ትተው። «ጀርመኖቹ ጥቁር ሰይጣኖች ይሉን ነበር።»

«ጥቁሮቹማ እኛ ነን» አልኩ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሐሙስ

ጽጌ፦ «እማ፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ድልድዩ ጋ ለሞቱት አበባ ይቀመጣል። ሚኒር ቪም ትምጣልኝ ብለዋል።»

«ድልድይ አልወድም።»

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ትሄጃለሻ፣ እንደ ሁልጊዜው።»

ታውቃለች። ትራሙ ወንዙ ላይ ሲወጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ውሃ ባየሁ ቁጥር ዳዊት እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ዓሣም አልበላም። እዚህ ከተማ ደግሞ ከውሃ ወዴት ይሸሻል?

ዓርብ

ምን ልልበስ? ጥቁር የለኝም። መርዶ ያልተነገራት እናት ጥቁር አትለብስም። ሞተ ያለኝ የለም፤ አለ ያለኝም የለም። ለሰው ልጅ ላለቅስ ነው የምሄደው፣ የራሴን ሳላለቅስ።

ቡናማውን ካፖርት እለብሳለሁ።

ቅዳሜ

ብዙ መጻፍ አልችልም። ዳዊት ሞቷል። አፈር አግኝቷል። ተመስገን።

እሑድ፣ መድኃኔዓለም

ዛሬ ልጻፈው።

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ልክ በስምንት ሰዓት ደረስኩ። ሰው የለም። ንፋስ ብቻ። አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰው አበባ ይዞ፣ ከነክራቫቱ ተቀምጧል። ቀረብ ስል አስፋው!

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ብድግ አለ። «ሽማግሌው የሐበሻ ማሪን ማየት ይፈልጋሉ ብላ ጽጌ ጠራችኝ። ስምንት ሰዓት አለችኝ።»

ለእኔ ያልነገረችኝ! ልመለስ ስል ሰዓቱን እያየ፣ «እትዬ ዘነቡ፣ በፈረንጅ ስምንት ይሆን እንዴ?» አለ።

ማታ ሁለት ሰዓት ማለት ነዋ! ጽጌ የሆላንዱን ስምንት እንዳለ ወደ አማርኛ ገልብጣልን። ስንት ዘመን እዚህ ኖረን፣ ሁለታችንም በሐበሻ ሰዓት መጣን። ሳላስበው ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ እሱ አለቀሰ።

«መርዶ ብቻዬን እንዴት ልንገርዎት? ሽማግሌ የለኝ። ቀጠሮ ልጠይቅዎ በቀረብኩ ቁጥር ፊትዎን ያዞራሉ።»

«ባሕር በላው?» አልኩ። የጠየቅሁት ይህን ብቻ ነው።

«አልበላውም፣ እትዬ። ወደ ደሴቷ የሚያስገባው መንገድ ላይ ተመታ። ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አደረስኩት። በእጃችን ቆፍረን አፈር አለበስነው።»

አላመንኩትም። ማንስ ቢሆን እንዲህ ይል የለም? ከዚያ ቀጠለ፦ «ውሃ ካጣን ሰንብተን ነበር። እሱ ግን ይቀልድ ነበር። ‹እናቴ ሀን ስትደፋ የፈሰሰው ውሃ ዛሬ ቢኖረን!› ይለን ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነገረንም።»

እዚያው ጮኽኩ። ውሻ የምታናፍስ ሴት ቆማ ምን ሆና ነው አለች። አስፋው በሆላንድኛው «ልጇ ሞቶ ነው» አላት።

«መቼ?»

«ዛሬ» አላት።

ሴትየዋ እጄን ያዘች። እግዜር ይስጣት፣ ውሻዋ እስኪሰለች አልለቀቀችኝም።

እስኪመሽ እዚያው ቆየን፤ የዳዊትን ነገር አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ማታ ጽጌ ሚኒር ቪምን በጋሪ ወንበር እየገፋች መጣች። ዓይኔን አየች።

«አስፋው፣ አንተ ምን ብለሃት ነው?»

«አንቱ በዪ!» አልኳት። እኔው ራሴ ደነገጥኩ።

ሁለት ሰዓት ሲሞላ፣ ለሞቱት መታሰቢያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ትራም ቆመ፣ ብስክሌት ቆመ። ሚኒር ቪም ከጋሪያቸው ሊነሱ ሲታገሉ አስፋው ክንዳቸውን ይዞ አነሳቸው። ሁለቱም ሰላምታ ሰጡ፣ እሳቸው ለድልድያቸው፣ እሱ ለጥዋለት። ስድስት ዓመት ለቅሶ የሚደርሰኝ አጥቼ፣ ከተማው በሙሉ ከእኔ ጋር ቆመ። ሳያውቁት ነው። ቢሆንም ቆመዋል፤ ውለታቸውን አልረሳም።

ሰኞ

ጽጌ ጥቁር ቀሚስ ገዛችልኝ። ሚኒር ቪም የተረፈውን አበባ ላኩልኝ። አስፋው ለፍትሐቱ ከአምስተርዳም ተጨማሪ ቄስ ይዞ እመጣለሁ ብሏል። ይምጣ። ልብሱን ለልጄ ያለበሰው ዛሬም እሱ ነው፤ የረቡዑን ጽሑፍ አልሰርዝም። አፈሩንም ያለበሰው ግን እሱ ነው፤ ይህም ይጻፍ።

ለፍትሐቱ ጧፍ ፍለጋ ወደ ማዶ መሻገር አለብኝ። ውሃው ውስጥ ልጅ የለኝም። ከእንግዲህ ትራሙ ድልድይ ላይ ሲወጣ ዓይኔን አልጨፍንም።