ለሐኪም የሚነገር ታሪክ

ጥቅምት 6
ለተከበረው የሰሜን ክፍለ ከተማ ሕዝብ በሙሉ፦ ከትናንት ጀምሮ ተሰውሮ የነበረው የቀኝ እግር ካልሲዬ ዛሬ ጠዋት በስኳር ዕቃ ውስጥ በሰላም መገኘቱን በታላቅ ደስታ አበስራለሁ።

ልጄ ማዘንጊያ ግን አልሳቀችም።
"አባዬ፣ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።"
"ካልሲውን ልናሳይ?"
"አንተን።"

ጥቅምት 9
ቀጠሮ ተያዘ። ምርመራው ምን መሰለህ... ሐኪሟ አጭር ታሪክ ታነባለች፤ ቆየት ብላ መልሰህ ንገረኝ ትላለች። በቃ። ካልቻልኩ ቤቴን ዘግቼ ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ማዘንጊያ ጋ መግባት ነው። "ከዚያ ወዲያ ብቻህን አታድርም" አለች ልጄ። ሳቅሁባት። ስትወጣ በሩን ቆለፍኩ። ቆለፍኩት? ተነሥቼ አየሁ። ተቆልፏል... ደግሜ አየሁ።

ጥቅምት 12
የማዘንጊያ ልጅ ሩት የትምህርት ቤት መጽሐፏን ይዛ መጣች። አያቷን ልታሠለጥን!
"አባሓጎይ፣ ታሪክ ዝም ብሎ አይያዝም። መጀመሪያ ገጸ ባሕርይ፣ ማን ነው? ከዚያ መቼት፣ መቼና የት? ግጭት፣ ምን ገጠመው? ጡዘት፣ ልብ የሚንጠለጠልበት ቦታ። ከዚያ መጨረሻው።"
አንዱን አነበበችልኝ። ነጋዴ ነው። ለዓረፋ በግ ገዝቶ ከቁሓ ገበያ ሲመለስ በጉ ገመዱን በጥሶ ያመልጠዋል።
"እሺ፣ ገጸ ባሕርዩ ማን ነው?"
"በጉ።"
"አባሓጎይ!"
"ምነው? የሚታረደው እሱ አይደል? ከሱ የባሰ ችግር የገጠመው ማን አለ?"
እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የነጋዴው ስም ጠፍቶኝ እኮ ነው ወደ በጉ የዞርኩት... አወቀችብኝ ይሆን?

ጥቅምት 17
መቼቱን ስይዝ ሰውየው ያመልጠኛል። ሰውየውን ስይዝ መቼቱ...
"ጭብጡስ?" አለች ሩት።
"ሽማግሌ አታስቸግሩ።"
በዚህኛው አልሳቀችም። ዝቅ ብላ መጽሐፉን ገለጠች።

ጥቅምት 20
ነገ ነው። ፈርቻለሁ። ለማንም አልነገርኩም።

ጥቅምት 24፣ ዓዲ ሓቂ
አልጋዬ መስኮት ሥር ነው። የሰፈሩ ተማሪዎች ደጅ ላይ ሲንጫጩ ይሰማኛል።

ያን ዕለት ሐኪሟ አነበበች። ልጅ እግር ናት፣ ረጋ ያለች። በደንብ ሰማሁ። ሌላ ሌላውን ስትጠይቀኝ ቆየችና፣ "አሁን አቦይ ሀብቴ፣ ታሪኩን ይንገሩኝ" አለች።
ገጸ ባሕርይ፣ አልኩ በሆዴ። ማን ነበር? መቼት... ዝናብ። ዝናቡ ብቻ።
"ዝናብ ነበር" አልኩ።
ጠበቀችኝ። ቀልድ ፈለግሁ... እሱም አልመጣ።

ስንወጣ፣ አብራን የመጣችው ሩት ክንዴን ያዘች። "አባሓጎይ፣ ዝናቡን እኮ ማንም አያስታውሰውም፤ ሐኪሟ ራሷ ተገርማለች" አለችኝ።

አይ... ይኼን የመጨረሻውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ክንዴን መያዟ እውነት ነው። ያለችኝ ነገር ግን የለም።