ያልበራውን ማሽን የከፈቱት ወይዘሮ ሠርክአዲስ ይታገሱ

ወይዘሮ ሠርክአዲስ ይታገሱ ከአባታቸው ከአቶ ይታገሱ ሃይለ ሚካኤል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታለም ታከለ በ1945 ዓ.ም. በቡሬ ዙሪያ ገጠር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ተምረው፣ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገቡ።

በ1964 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ ሥራቸው የወረቀት ካርድ እየበሱ ለኮምፒውተር ማቀበል ነበር። ክፍል የሚያህለውን ማሽን የሚያዝዙት ወንዶች ብቻ በነበሩበት በዚያ ዘመን፣ ካርድ መብሳት አልበቃቸውም፤ ማሽኑ ምን እንደሚያነብ ጠይቀው፣ ተምረው፣ ተፈትነው ፕሮግራም ጸሐፊ ሆኑ። ኋላም ፊደላችን በኮምፒውተር እንዲጻፍ ከደከሙት ባለሙያዎች አንዷ ነበሩ። አገር ቤት ያለ ዘመድ የልጃቸውን ሥራ ሲጠይቃቸው፣ ወይዘሮ እታለም «ለማሽን ምክር ትሰጣለች፤ አልሰማ ሲላትም ትደግምለታለች» እያሉ ይመልሱ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ከመምህር ወንዳወቅ ስመኘው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ምስክርንና ውዳሴን ወለዱ።

ያወቁትን ለወንዝ ልጅ ካላካፈሉት ምን ይረባል ብለው በ1988 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀው ቡሬ ተመለሱ። ያላቸውን ሁሉ አውጥተው አንድ ኮምፒውተር ገዙና ማሠልጠኛ ከፈቱ። በአገሩ ወግ አዲስ ቤት ሳይባረክ አይገባበትምና፣ የነፍስ አባታቸው ቄስ ወልደ ሥላሴ ጸሎት አድርሰው ቤቱን ጠበል ረጩ። በረከት አይበዛም ብለው ማሽኑንም አልማሩትም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ማሽኑ ቢጫኑትም ቢለማመኑትም አልበራም።

ጠበል ሲነካው ጸጥ ያለ ዕቃ ምን እንደሚባል ለዚህ አገር ሰው መንገር አያሻም። ጋኔን ነበረበት ከተባለ ሴት ልጁን የሚልክ ወላጅ አይገኝም፤ ማሠልጠኛውም በተከፈተ ማግስት ይዘጋል፤ ቄሱም ያዝናሉ። ወይዘሮ ሠርክአዲስ ጭንቀታቸውን ዋጥ አድርገው፣ በነጋታው ተማሪዎቹን ሰበሰቡና የመጀመሪያው ትምህርት መክፈት ነው አሏቸው። በካቻቢቴ ፈቱት፤ በጥጥ ጠረጉት፤ ሰፌድ ላይ ዘርግተው እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ አሰጡት። መልሰው ሲገጥሙት በራ። ተማሪዎቹም ኮምፒውተር ሁሉ እንዲህ የሚጀመር መሰላቸው። ትምህርቱ በካቻቢቴ እንደተጀመረ በዚያው ቀረ፤ ዛሬ ከሽንዲ እስከ ዱርቤቴ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠሩት እሳቸው ያሠለጠኗቸው ልጆች ናቸው።

በ2004 ዓ.ም. የማሠልጠኛው ሁለተኛ ክፍል ተሠርቶ ሲመረቅ ምስጢሩን ለቄስ ወልደ ሥላሴ ነገሯቸው። ቄሱ ደንግጠው የጠበሉን ዕቃ አስቀመጡ። ወይዘሮ ሠርክአዲስ ግን፣ «አባቴ፣ እርስዎ ይርጩ። አሁንማ መክፈት የሚያውቁ ልጆች አሉን» አሏቸው። ቄሱም ረጩ፤ ማሽኖቹን ግን አስቀድመው በገዛ እጃቸው በላስቲክ ሸፈኗቸው።

ወይዘሮ ሠርክአዲስ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። የመጨረሻ አደራቸው በእሳቸው ሞት ምክንያት የማሠልጠኛው በር እንዳይዘጋ ነበር። ስለዚህ ሐዘንተኛው ሁሉ እንዲያውቀው፣ ነገ ጠዋት ትምህርት አለ።

ቄስ ወልደ ሥላሴ ዛሬ በእርጅና ጉልበታቸው በአስከሬናቸው ራስጌ ቆመው ይጸልዩላቸዋል። እኛንም በጣም ናፍቀውናል። የተዘጋውን ሲከፍቱ ኖረዋልና፣ እግዚአብሔር የገነትን ደጅ ከፍቶ ይቀበላቸው። አሜን።