ምንጣፍ ላይ ለከረምኩበት ሳምንት የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክብርት የሕፃናት ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርት፤
ግልባጭ፦ ልጆቻቸው ጫማ አስረው እስኪወጡ በር ላይ ለሚጠብቁ ወላጆች፣ ሞግዚቶችና ታላላቅ እህቶች፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ በእግሩ ጣት እየተራመደ፣ በር ሳያንኳኳ፣ ሥራ ላይ ያለ ሕፃን ሳያውክ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ክፍሎችዎ መደርደሪያ ይሁንልኝ፤ ሁሉ በየቦታው፣ ሁሉ አቧራው ተጠርጎ፣ ሳይፈቀድለት የሚነካውም አይኑር። እኔ ጉልበቴን ትንሽ ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። የጉልበቴ ነገር ወደ ታች ይመጣል።

ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ብዙ ጊዜ በአጠገቤ አልፈዋል፣ ፈገግ ብለውልኛል፣ አንድ ቀንም ለእንግዶች አሳይተውኛል። ነገር ግን ማን እንደሆንኩ ስላልጠየቁኝ፣ እኔም ሳልጠየቅ መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማይሆንልኝ፣ ትውውቃችን እስካሁን ዘግይቷል። ጉንጩ ሰፋ ያለ፣ እኛ ቤት ድንቡሼ የምንለው፣ እናንተም ሰምታችሁ ድንቡሼ የምትሉት ልጅ ታላቅ እህት ነኝ። እናታችን ልብስ ሰፊ ናት። የልጆቹን ሽርጥና የክፍሎቹን ምንጣፎች የሰፋችው እሷ ስትሆን፣ ወንድሜ እናንተ ዘንድ የሚማረውም በዚሁ ሥራዋ ምክንያት ነው። እሷ እስኪመሽ ከስፌት መኪናዋ ስለማትነሣ፣ ከሰዓት በኋላ ልጁን ከእናንተ ተረክቤ፣ ለጎረቤታችን ለእማማ አስረክቤ፣ ወደ ማታ ትምህርት ቤቴ የምሮጠው እኔ ነኝ።

የማታው ትምህርት ቤት ዘበኛ ደወል ከተደወለ በኋላ በር አይከፍቱም። አንድ ጊዜ ደወሉን የደወለውን ሰውዬ ራሱን ውጭ አስቀርተውታል ይባላል። ደጋግሞ የቀረ ደግሞ ለዓመቱ ማለቂያ ፈተና አይቀመጥም። ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍልን ካላለፍኩ እናቴ ሁለተኛ የስፌት መኪና ከራሷ መኪና ጎን ልታቆምልኝ ቃል ገብታለች። ሌላ ሰው ቢሆን በስጦታው ደስ ይለው ይሆናል።

የሞንቴሶሪ ትምህርት ምን እንደሆነ ለማያውቁ አንባቢዎች እኔ ቁጭ ብዬ የተረዳሁትን ላስረዳ። እዚያ ጥቁር ሰሌዳም አርጩሜም የለም። ልጆቹ ከመደርደሪያ «ሥራ» ያወርዳሉ፣ ምንጣፍ ይዘረጋሉ፣ ከዚያ ውኃ ይቀዳሉ፣ ቁልፍ ይቆልፋሉ፣ የጸዳ ጠረጴዛ ያጥባሉ። መምህርቷ መምህርት አይባሉም፤ መሪ ይባላሉ። መሪዋ አስቀድመው ሠርተው ያላሳዩትን ዕቃ ማንም ከመደርደሪያ አያነሣም። ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሚሠራን ሰው ደግሞ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ማንም አያናግርም። እጅግ ያማሩ ሕጎች ናቸው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጫማው ክር አመሰግናለሁ። ሰኞ ስደርስ ወንድሜ በሩ አጠገብ ካለችው ትንሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከጫማው ክር ጋር ይታገል ነበር። መራመድ ከጀመረ ጊዜ አንስቶ እንደማደርገው ጎንበስ ብዬ ላስርለት ስል፣ ረዳት የሚባሉት እመቤት፣ ማለትም ሥራቸው አለመርዳት የሆነው፣ እጄን በቀስታ ያዙና «ተይ የኔ ልጅ፣ አትዝረፊው» አሉኝ። ምን እንደዘረፍኩ ግራ ገብቶኝ መዳፌን ገልብጬ አየሁ። «ራሱ የማሰር ዕድሉን ነዋ!» አሉ። በሕይወቴ በዝርፊያ ስከሰስ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ወንድሜም ዕድሉ ስለተመለሰለት የግራውን ክር በቀኙ ላይ፣ የቀኙን ደግሞ በአግዳሚዋ እግር ላይ አዙሮ ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ሲነሣ አግዳሚዋም አብራው ተነሣች። ልፈታለት ስንቀሳቀስ ረዳቷ ዓይናቸውን አፈጠጡና «ስህተቱ ራሱ ያስተምረዋል» አሉኝ። ስህተቱም ከኋላው እየተንቋቋ እስከ ግቢው በር ተከተለው። እዚያ ግን የእናንተ ዘበኛ የትምህርት ቤት ዕቃ ከግቢ እንዳይወጣ ስለታዘዙ ሁለቱንም መለሷቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ ምንጣፉ አመሰግናለሁ። ወንድሜና አግዳሚዋ እስኪለያዩ መጠበቅ ስለነበረብኝ መቀመጫ ፈለግሁ። ወንበሮቻችሁ በሕፃን ልክ ስለተሠሩ ከቁርጭምጭሚቴ ብዙም አያልፉም፤ ስለዚህ ጥግ ላይ ተዘርግታ ከነበረች ሰማያዊ ምንጣፍ ዳር ቁጭ አልኩ። ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራ ላይ እንዳለ እንደሚቆጠር አላውቅም ነበር። ከመቀመጤ በፊት የነገረኝ የለም፤ ከተቀመጥኩ በኋላ ደግሞ ሊነገረኝ አይፈቀድም። የእኔም ተፈጥሮ ካላናገሩኝ አለመናገር ስለሆነ የእናንተ ሕግና የእኔ ዓይን አፋርነት እንደ ድስትና ክዳን ገጠሙ። ልጆች እኔን እንደ ዳገት እየዞሩ አለፉ። ውኃ የያዘች አንዲት ጥርሰ ፍንጭት ልጅ እግሬ ዘንድ ስትደርስ ቆም ብላ፣ እጅ ነስታ፣ ዞራኝ ሄደች። እንዲህ ያለ ክብር የትም አላገኘሁም። ከክብሬ ስነሣ ግን የማታው ደወል ተደውሎ አልቋል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ የማክሰኞ ነው። ያን ቀን ወንድሜ ክሩን በትክክል አሰረ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁለቱ ጆሮዎች እንደ ጥንቸል ጆሮ ቀጥ ብለው ነበር። ልነሣ ስል መልሶ ፈታው። ከዚያ አሰረው። ከዚያ ፈታው። መሪዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ሕፃን የወደደውን ሥራ እስኪጠግብ ይደግመዋል» ሲሉ ሰማሁ። እኛ ሰፈር የተሠራን ነገር አፍርሶ የሚሠራ ሰው ሌላ ስም ነበረው። በዚህ መሃል አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ ቀና ብዬ ለማየት አፍሬ፣ ሁለት ትንንሽ ማንቆርቆሪያና ሩዝ ያለበት ትሪ ፊቴ አስቀመጠ። አልፈልግም ለማለት መናገር ያስፈልጋል። ለመቅዳት ግን አያስፈልግም። ስለዚህ ከቀኙ ወደ ግራው፣ ከግራው ወደ ቀኙ እየቀዳሁ ቆየሁ። የጉልበቴ ሕመም የጀመረው ያኔ ነው።

አራተኛ፣ ረቡዕ ዕለት ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡትን ጎብኚዎች ይዘው አጠገቤ ቆመው ስለተናገሩት አመሰግናለሁ። በሹክሹክታ ቢሆንም ጆሮዬ ደህና ነው። «ይህችን ልጅ እዩአት» አሏቸው፤ «ከሰኞ ጀምሮ ከዚህ ምንጣፍ ንቅንቅ አላለችም። እንዲህ ያለ ትኩረት እስከ ዛሬ አላየሁም።» መነጽር ያደረጉት ጎብኚ «ዕድሜዋ ግን ገፋ አላለም?» ብለው ሲጠይቁ፣ «እኛ ልጅን በዕድሜው አንመዝንም» ብለው አሳፈሯቸው። ክብርት ሆይ፣ የማታው የሒሳብ አስተማሪያችን እኔን ሲያዩ «አንቺ የግድግዳ ሥዕል፣ እናትሽ ከንፈርሽንም ሰፋችው እንዴ?» ይላሉ፤ ክፍሉም ይስቃል። ያው አንድ አፍ ነው ይዤ የምዞረው። እዚያ ዝም ሲል ድንቁርና ነው፤ እናንተ ዘንድ ዝም ሲል ተአምር ነው። በሁለቱም ቦታ ግን «ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?» ብሎ የጠየቀው የለም። ሆኖም ስለተደነቅሁ ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ሩዙን ትንሽ አሳምሬ ቀዳሁ።

አምስተኛ፣ ሐሙስ ስደርስ ከምንጣፌ አጠገብ ሽርጥ ተሰቅሎልኝ አገኘሁ። እናቴ የሰፋችው ነው። እምብርቴ ላይ ያልቃል። አመሰግናለሁ።

በዚያው ሐሙስ ወንድሜን እማማ ጋ ሳላደርስ ይዤው በቀጥታ ወደ ማታ ትምህርት ቤት ሮጥኩ። በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው በቀዳዳው በኩል «አንቺ ልጅ፣ ነገም ከቀረሽ ስምሽ ይሰረዛል። እኔን አታባብዪኝ፤ እኔ በር ነኝ፣ በር አያዝንም» አሉኝ። ወንድሜ እጄን ይዞ ወደ ላይ ያየኝ ነበር።

ስድስተኛ፣ ስለ አርብ። አርብ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለማመድ ዋልኩ፦ «ይቅርታ፣ መሄድ አለብኝ።» ዕቃ ሳጥብ አልኩት፣ መንገድ ላይ አልኩት፣ ለአጥሩ አልኩት። በአፌ ሞልቼው ስገባ ክፍላችሁ ጨልሟል፤ መጋረጃው ተዘግቷል፤ ልጆቹ ሁሉ ድንጋይ መስለው ተቀምጠዋል። ለካ የፀጥታ ጨዋታ ሰዓት ኖሯል። ረዳቷ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ምንጣፌን አሳዩኝ። ዓረፍተ ነገሬ ወደ መጣበት ወረደ፤ እኔም ተቀመጥኩ።

በዚህ ጨዋታ መሪዋ ከሌላው ክፍል ሆነው የእያንዳንዱን ልጅ ስም በሹክሹክታ ይጠራሉ፤ የተጠራው ኮሽ ሳያደርግ ተነሥቶ ይወጣል። አንድ በአንድ ተጠሩ። ወንድሜም ተጠራ። ፍንጭቷም ተጠራች። ሁሉም ተጠርቶ አለቀና እኔ ብቻ ቀረሁ። ስሜ መዝገባችሁ ላይ የለም፤ ስለዚህ ሊጠራኝ የሚችል ሰው አልነበረም። ባዶ ክፍል ውስጥ፣ እናቴ በሰፋችው ምንጣፍ ላይ፣ እናቴ የሰፋችውን አጭር ሽርጥ ታጥቄ ተቀምጬ፣ እስክጠራ ከጠበቅሁ ፀጉሬ እዚሁ እንደሚሸብት ገባኝ። ቢገባኝም አልተነሣሁም። ይህ ሕመሜ ነው፤ እናንተን አልከስበትም።

ያን ጊዜ ወንድሜ ራሱን በበሩ አስግጎ፣ ጎረቤት በሚሰማው ሹክሹክታ «እትዬ! ክፍልሽ!» አለኝ። ሁለቱም ጫማዎቹ ታስረዋል። መሪዋ ደንግጠው «ድንቡሼ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይጠራም» አሉት። እሱም ዞር ብሎ አይቷቸው «ሥራ ላይ አይደለችም፤ እህቴ ናት» አላቸው።

ክብርት ሆይ፣ ከሳምንቱ ትምህርት ሁሉ የገባኝ ይህ ነው። ተነሣሁ። ጉልበቴ ቋ አለ። «ይቅርታ! መሄድ አለብኝ!» አልኩ። ስንት ቀን የተጠራቀመ ስለነበር ድምፁ እኔንም አስደነገጠኝ። ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደረደረው ሮዝ የእንጨት ማማ ተናደ፤ ስለ እሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስንሮጥ፣ ማክሰኞ ዕለት ያሰረውን ለምን እንደፈታ ጠየቅሁት። «አስሬ ከጨረስኩ እማማ ጋ ትጥይኝና ትሄጃለሽ» አለኝ። ታዲያ ዛሬ ለምን ጨረስክ ስለው «ትናንት በሩ ላይ ዓይንሽ ሲቀዳ አየሁታ» አለ። መቅዳትን በሚገባ አስተምራችሁታል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

በሩ ግን ተዘግቶ ደረስን። ዘበኛው ከሩጫው የተነሣ አቧራ የለበሰውን የልጁን ጫማ አይተው፣ ወደ ውስጥ ገብተው ጠይቀውልኝ ተመለሱና «የት እንደከረምሽ የሚመሰክር ወረቀት ሰኞ ካመጣሽ ትፈተኛለሽ» አሉኝ። ቅዳሜ በወላጆች ቀን ወደ እርስዎ መጥቼ፣ አሁንም ያንን ዓረፍተ ነገር የሚያህል ሌላ ተለማምጄ፣ አንዲት ወረቀት ብቻ ለመንኩ። እርስዎም ትምህርት ቤቱ ማርክም ወረቀትም እንደማይሰጥ፣ ማኅተሙም ሰሞኑን እንደጠፋ አስረድተውኝ፣ በመጨረሻ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ችግርሽን ራስሽ የመፍታት ዕድልሽን አልዘርፍሽም» አሉኝ። ሳምንቱን በእናንተ ቤት ሁለት ሰዎች ከዝርፊያ ዳኑ፤ ወንድሜና እኔ።

ስለዚህ ችግሬን ራሴ እየፈታሁ ነው። ይህ ደብዳቤ ከእሑድ ማታ ጀምሮ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ይሰቀላል። ከሥሩ ባዶ ቦታ ትቻለሁ። በዚያ ሳምንት ልጃችሁን ልትወስዱ መጥታችሁ ሰማያዊ ምንጣፍ ላይ ሩዝ ስቀዳ ያያችሁኝ ወላጆችና ታላላቅ እህቶች፣ እባካችሁ ስማችሁን ጽፋችሁ ፈርሙልኝ። ሰኞ ከሰዓት አውርጄ ለበሩ እሰጠዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ እናንተ ዘንድ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ ለፈተናዬ ልቀመጥ።

ድምፄን በሕጋችሁ መሠረት ዝቅ፣ እጅ ጽሑፌን ግን ጎላ አድርጌ፣ ምንጣፏን እንደተማርኩት ጠቅልዬ ወደ ቦታዋ በመመለስ፣ ከማይታጠፍ አክብሮትና በጭንቅ ከሚታጠፍ ጉልበት ጋር፤

የድንቡሼ እህት
የማታ ተማሪ (እስከ ሰኞ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጠፋ ያሉት ማኅተም አልጠፋም። ከመስኮቱ በታች ባለው መደርደሪያ፣ ልጆቹ ድምፅ ከሚለዩባቸው ትንንሽ ደወሎች ጎን፣ በትሪ ላይ ከነቀለሙ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ለእጅ ማጠንከሪያ ይሠሩበታል። ወንድሜ ሐሙስ ዕለት ሆዱ ላይ ክብ ማኅተማችሁን ከነፊርማ መስመሩ ይዞ ገብቶ ነበር፤ እናቴ ባታጥበው ኖሮ እሱኑ ለዘበኛው አቀርብ ነበር። ቅዳሜ ከቢሮዎ ስወጣ በመደርደሪያው በኩል አልፌያለሁ፤ ወረቀትም በእጄ ነበር፤ ክፍሉም ባዶ ነበር። ነገር ግን ማኅተም አመታትን ማንም ሠርቶ አላሳየኝም፤ በእናንተ ቤት ደግሞ ተሠርቶ ያልታየን ዕቃ ማንሣት ነውር ነው። እኔ ሕጋችሁን አክብሬ ሳልነካው ወጥቻለሁ።