አዲስ አበባ ብቻ

ሰኞ፣ ዲሴምበር 11

ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል። ቴርሞሜትሩን ሁለቴ አየሁት። ባሌ ታምራት ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦም ጥርሱ ይንገጫገጫል። አገር ቤት ደርሶ ወደ ካናዳ፣ ወደዚህ ካልጋሪ ከተመለሰ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። "ዊንተሩ ናፍቆኝ ነበር፣ ይኸው ተቀበለኝ" ይላል ሊያስቀኝ። አልሳቅሁም። ቅዳሜ ልብሱን ላጥብ ስል ከሸሚዙ ኪስ የአውቶቡስ ቲኬት አገኘሁ፤ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ። ለእኔ የነገረኝ ሦስቱንም ሳምንት ከታመሙት እናቱ አጠገብ እንዳልተነሳ ነው። አርባ ምንጭ ዘመድ የለውም። እዚያ ያለችው ትርሲት ናት፤ ከእኔ በፊት ሊያገባት የነበረችው። ቲኬቱን እዚሁ ደብተር ውስጥ ደብቄዋለሁ።

ማክሰኞ 12

ሰፈራችን ፎረስት ሎን ያለው ክሊኒክ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ያለው ሰው ሁሉ ያስላል። ዶክተሩ የት ተጉዘህ ነበር አለው።

"አዲስ አበባ።"

ሌላ ቦታስ?

"አዲስ አበባ ብቻ።"

ዶክተሩ መጽሐፍ ገለጠ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ ወባ የለባትም፣ ስለዚህ ፍሉ ነው አለ። ለትኩሳቱ ታይለኖል፣ ውሃ፣ እረፍት።

እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ያደግሁት መተሐራ ነው፤ ወባን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገኝም። አርባ ምንጭ ብዬ አንድ ቃል ብተነፍስ ደሙን ይመረምሩት ነበር። ዝም አልኩ። እስቲ ውሸቱን ተሸክሞ እስከ የት እንደሚሄድ ልየው ብዬ ነው። ይኸው ጻፍሁት።

መኪና ውስጥ "ሌላ ቦታ አልሄድክም?" አልኩት። "እማዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ?" አለ። በእናቱ ይዋሻል!

ረቡዕ 13

ትኩሳቱ ለቀቀው። ሾርባ ጠጣ። አለቃው ሦስቴ ደወለ። ታምራት ለነዳጅ ጉድጓዶች ቧንቧ የሚጭን ትራክ ነው የሚነዳው፤ ዘንድሮ ደግሞ ካልጋሪ ሠራተኛ ጠፍቷል፣ መሪ መያዝ ከቻለ ሬሳም ይቀጥራሉ። "ፍራይዴ ሺፍት እገባለሁ" አለው። ደስ አለኝ። ተናደድሁም። በነፃ አመለጠኝ።

ሐሙስ 14

አገረሸበት፤ ከበፊቱ የባሰ። ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቁሯል። ቤዝመንቱን ያከራዩን እትዬ ዘውዴ ዝንጅብል ይዘው ወረዱ።

"ወባ እንዳይሆን ልጄ?"

"ኧረ እትዬ፣ አዲስ አበባ ብቻ ነው የነበርኩት።"

"ቢሆንም እኛን አይደፍረንም። ልጅ ሆነን ለምደነዋል" ብለው ሄዱ። እሳቸው የሚያምኑት ይህን ነው። እኔ ግን አላምንም። መተሐራ ስንቱን ጎረቤት ቀብረናል።

በሩን ዘግቼ አልጋው አጠገብ ቆምሁ። "ታምራት፣ የምትነግረኝ ካለ አሁን ንገረኝ።" ትክ ብሎ አየኝ። "የለም" አለ። እኔም ዩኒፎርሜን ለብሼ ኤርፖርት ሄድሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ አውሮፕላን ሳጸዳ የምሰድበውን ስድብ አዘጋጀሁ። ስልክ እንኳን አልደወልሁለትም።

ዓርብ 15

ጠዋት ስነሳ ሻወር ቤቱ ወለል ላይ ተዘርሮ አገኘሁት። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። "ትርሲት" አለኝ። "ትርሲት፣ ውሃ።" ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱን ትኩሳት አወጣው። ለአንድ አፍታ ያሸነፍሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አምቡላንስ ጠራሁ። ቲኬቱን ከዚህ ደብተር አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ድንገተኛ ክፍል ለዶክተሯ ሰጠኋትና "ወባ ያለበት አገር ሄዶ ነበር፣ ደሙን እዩት" አልኋት። ብዙም ሳትቆይ እየሮጠች ተመለሰች። ደሙ በወባ ተሞልቷል፣ ኩላሊቱም ተጎድቷል። መቼ ነው ያወቅሽው አለችኝ።

"ዛሬ" አልኋት።

ቅዳሜ 16

አይሲዩ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው ያለው። መድኃኒቱ ከሌላ ሆስፒታል መጣ። ብጠራው አይሰማም። እጁን ያዝሁ፣ እጁ አልያዘኝም። እናቱ ከአዲስ አበባ ደወሉ፤ "ሥራ ላይ ነው እማማ" አልኋቸው። ውሸት አንዴ ከጀመሩት አይከብድም።

እሑድ 17

ዓይኑን ገለጠ። በስሜ ጠራኝ። አለቀስሁ። ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ አራስሁለት።

"ዶክተሯ ቲኬቱን አሳየችኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"ዓርብ ነው ያገኘሁት።"

ጥጡን በእጁ ገፋ አደረገው። "ልብሴን ያጠብሽ ቅዳሜ ሸሚዙን ፈልጌው ነበር። ታጥቦ ተሰቅሏል። ኪሱ ባዶ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"አፈርሁ። ክሊኒክ ስንገባ አንቺ ትናገሪልኛለሽ ብዬ አየሁሽ። ሐሙስም አየሁሽ። ዩኒፎርምሽን ስትለብሺ ግን ብሞትም እንደማትናገሪ ገባኝ።"

የትርሲትን ነገርም አልጠየቅሁትም፤ አፍ የለኝም። ነርሷ ገባች፤ ነገ የኩላሊት እጥበት ይጀምራል፣ ኩላሊቱ ይመለስ አይመለስ ገና አይታወቅም። ፎርም ሰጠችኝ። ከሕመምተኛው ጋር ያለሽ ዝምድና ይላል። ሚስት ብዬ ጻፍሁ፣ ፈረምሁ። ታምራት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።