ስኳር ሊገዙ የመጡ ሽማግሌዎች

ሰኞ፣ 9 ሰዓት
መብራት የለም። የጣሪያው ማራገቢያ፣ ቬንቲላተሩ፣ ቆሟል፤ የሽማግሌዎቹ ምላስ ግን አልቆመም። ማስታወሻዬ፣ ዛሬም ሳሎናችን ስብሰባ ነው። አጀንዳው ያው፣ የሄኖክ መርዶ። የአክስቴ ልጅ። እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 ሰፈር አድጎ፣ አዲስ አበባ ልማር ብሎ ሄዶ፣ ወታደር ሆኖ ጦርነቱ ላይ ቀረ። ጓደኛው ለአባባ ደውሎ ከተናገረ ሰነባበተ። እናቱ አክስቴ ዘነቡ ብቻ አልሰማችም። ሱቋ ውስጥ ካልሲ ታጠራቅምለታለች። እዚያ ብርድ ነው ብላ።

መጀመሪያ ጾሙ ይፈታ ተባለ። ቀጥሎ ሙቀቱ ይብረድ። ጅቡቲ ላይ! አባባ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ባቡሩም እንዲህ ነበር ወይ የሚዘገየው ብል እማዬ ቆነጠጠችኝ።

ማክሰኞ
ተወሰነ። ነገ ጎህ ሳይቀድ፣ እንደ ወጉ። ማን ይናገር? ጋሽ ተፈራ ለቄሱ፣ ቄሱ ለአባባ፣ አባባ መልሰው ለጋሽ ተፈራ። ኳስ ቢሆን ጎል ይገባ ነበር።

ረቡዕ፣ ጠዋት
ጉድ ስሚ። ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ሄዱ። እኔም ከኋላ። አክስቴ በሩን ከፈተች። ጋሽ ተፈራ፣ ዶራሌ ወደብ ሲሠሩ ድምፃቸው ከክሬኑ በላይ የሚሰማው ሰውዬ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። "ዘነቡ፣ ስኳር አለሽ?" አሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት! ቄሱም ደንግጠው "ለእኔም ግማሽ ኪሎ።"

አክስቴ ነጠላቸውን አንድ በአንድ አየች። መዘነች። ሰጠች።

መንገድ ላይ ሳቅ ሊገድለኝ። የጋሽ ተፈራን ጉሮሮ መጥረግ ሄኖክ ነበር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እያስመሰለ የሚያስቀጣኝ። ልነግረው ስልኬን አወጣሁ። ስሙ አለ። ፎቶው አለ። ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ 10 ሰዓት
ሱቅ ሄድኩ። ካልሲዎቹ በፌስታል ታስረዋል። ጥቁር ቀሚሷ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሽማግሌዎቹ ስኳሩን ወደዱት ወይ አለችኝ።
"ሰው ሳይነግረኝ እንዴት ብዬ ላልቅስ፣ ልጄ? ብቻዬን?"

ማታ ለአባባ ነገርኳቸው። እሑድ እንደገና እንሄዳለን አሉ። እሑድ!

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት
የእማዬን ነጠላ አዘቅዝቄ ለበስኩ። አባባን ቀሰቀስኩ። እርስዎ አጠገቤ ብቻ ይቁሙ፣ የምናገረው እኔ ነኝ አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ጫማቸውን እየፈለጉ ነው። አንዱ ተገኝቷል። ሌላው አልጋ ሥር ነው፤ ላውጣላቸውና እንሂድ።