ቆዳችን ወደ አሰብ ወረደ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት ፲፱፻፷፮

ውድ ወንድሜ አሻግሬ፣ ናፍቆቴ አሰብ ወደብ ድረስ ይድረስህ። እኛ ተመስገን አለን።

ዘንድሮ ቆዳው በዝቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ የበጉን ቆዳ አመጣልን። ባለቤቴን ሞላን እግሩ ስለከዳው፣ በቅሎዋን ጭኜ አምስት ቀን ተጉዤ ደሴ የገባሁት እኔ ነኝ። ቆዳ ነጋዴው ሐጂ ጀብሪል ዳበሱትና፣ «እቱ፣ ይህ ስስ ነው፤ ምነው ሳይሰቡ አረዳችኋቸው?» አሉኝ።

«ጨው በደንብ ጠግቧል፣ አይበላሽም። መርከቡ ሳይነሳ አድርሱልኝ» አልኳቸው። የአሰብ መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ።

ልጆቹ ደኅና ናቸው፤ ጨዋታ ግን ትተዋል።

መርከቡ ቆዳችንን ባሕር ማዶ አራግፎ ሲመለስ ምን ጭኖ እንደሚመጣ ቶሎ ጻፍልኝ። የሚጫን ካለ በቅሎዋ ገና ብርቱ ናት፤ የደሴን መንገድም አውቄዋለሁ።

የወደብ ሥራህን መድኃኔዓለም ያቅናልህ።

እህትህ እታገኘሁ