ስም የተጻፈባቸው ሸክላዎች

ለወንድሜ ለዋላስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ብርድ ሲገባ የሚያምህ ወገብህስ ዘንድሮ እንዴት አደረገህ? ባለቤትህ ኡርሱላ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ሁላችንም አለን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ምንም አትል፤ እኔም ከንዴቴ በቀር ጤነኛ ነኝ። ጤንነትህን ረጋ ብዬ የጠየቅኩህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሰላምታ ስላልሆነ ነው።

የላክኸው ሰው መጥቶ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የደጃፉን ደረጃ እየጠረግኩ ሳለ ከታክሲ ወርዶ የአንተን ወረቀት እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ዘረጋልኝ። ሄልሙት እባላለሁ አለኝ። ወዳጅህ እንደሆነ፣ የጃዝ ሸክላ ለመሰብሰብ አገር ላገር እንደሚዞር ነገረኝና፣ "ወንድምሽ ሁሉን ነገር ጨርሶልኛል፤ የቀረኝ ማየትና መጫን ብቻ ነው" አለ። ዋላስ፣ የማንን ዕቃ ነው የጨረስክለት? የራስህን ነው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አንተ ግን የገዛ እናትህን አጥር የሚነቀንቅ ሰው በአውሮፕላን አሳፍረህ ላክህ።

ይበልጥ አንጀቴን ያሳረረው ደግሞ ለእማዬ የጻፍክላት ነው። "ጃዝ የሚወድ ወዳጄ ይመጣል፣ ሸክላዎችሽን አሳዪው" ብቻ ነው ያልካት። እሷ እኮ ሊያዳምጥ የሚመጣ እንግዳ መስሏት ነበር። ከዋዜማው ጀምራ ሽፋኖቹን አንድ በአንድ ወለወለች። አባባ ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር ድምፅ ማጉያው ፊት አዞረችለት። ዓሣ ጠበሰች፣ የበቆሎ ዳቦ ጋገረች። ሰውዬው ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ዓሣውን ቆሞ በላና ነጭ ጓንት አጥልቆ ሥራውን ጀመረ። ሸክላውን ከሽፋኑ ያወጣል፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘነብላል፣ ጭረት ይፈልጋል፣ ይመልሳል። አንዲቱን እንኳ ማጫወቻው ላይ አላስቀመጠም። እማዬ "ልጄ፣ እናንተ አገር ጃዝ በዓይን ነው እንዴ የሚሰማው?" አለችው። እኔ ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም።

እሷም ተስፋ አልቆረጠችም። ራሷ አንዱን አንስታ ልታሰማው ስትል፣ መርፌው እንዳይዘል አባባ የማጫወቻው ክንድ ላይ የለጠፋትን ሳንቲም አየ። ሰው የተገደለ ይመስል ጮኸ። ያቺ ሳንቲም በዕድሜ ልጆችህን ትበልጣለች። "እትዬ፣ ይህ እኮ ማጫወት አይደለም፣ ሸክላውን በመርፌ ማረስ ነው" አላት። በገዛ ቤቷ፣ ዓሣዋን በልቶ፣ እንዴት እንደምታዳምጥ ያስተምራታል። የአባባን እጅ ሥራ አይቶ ዝም ማለት ምን ያስከፍለዋል?

ከዚያ ወደ ስሞቹ መጣ። ለአንተ ይህን ማስረዳት ያሳፍረኛል፣ ግን የረሳኸው ይመስለኛል። በየቤቱ ግብዣ በነበረበት ዘመን ሰው ሁሉ ሸክላውን በብብቱ ሸጉጦ ይሄድና ሲነጋ የማን የማን እንደሆነ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ስም ያልተጻፈበት ሸክላ የሌባ ሸክላ ነው። እማዬ ከላውንደሪ ደመወዟ ቆጥባ በገዛችው ሁሉ ላይ፣ ሽፋኑም መሐሉም ላይ "ቨርኔል" የሚል አለበት። ለሄልሙት ግን ስሟ እድፍ ነው። ባነሳው ቁጥር "ምነው ይህ ጽሕፈት ባልነበረበት" እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። እሷ ደግሞ እያደነቀ መስሏት ፈገግ ትላለች። እኔ ሁለቱንም እያየሁ ደሜ ይፈላል።

ጫጫታውን ሰምተው ጎረቤታችን ሚስ ሃቲ ገቡ። የእሳቸውን ስም የያዘ አንድ ሸክላ እኛ ቤት፣ የእማዬን ስም የያዘ አንዱ እሳቸው ቤት ቀርቶ፣ "አንቺ አስቀድመሽ መልሺ" ሲባባሉ እንዳረጁ ታውቃለህ። ሰውዬው ያንን የእሳቸውን ሸክላ ካርቶን ውስጥ ሲከተው ደረሱ። "ልጄ፣ እኔ እኮ ገና አልሞትኩም። ውርሴን ለመውሰድ ምን አስቸኮለህ?" አሉት። እማዬ "ዝም በይ ሃቲ፣ እኔ ያልመለስኩልሽን እሱ ሊመልስልሽ ነው?" ብላ ሳቀች። ካርቶኑን ስታይ ግን ሳቋ ቆመ። ወደ እኔ ዞራ "ካርቶን ምን ያደርግለታል?" አለችኝ። ነገርኳት። ቤቱ ከብዷታል ብለህ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ልታስገባት እንዳሰብክ፣ እዚያ ደግሞ ይህ ሁሉ ሸክላ ቦታ ስለማይኖረው ለሰውዬው እንደሸጥክለት፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። "ዋላስ ነው ያለው?" አለች።

እኛ በዚህ ላይ እያለን ሰውዬው የኦርቪል ቴይትን ሸክላ አገኘ። ያ ከእኛ መንገድ ወጥቶ አንድ ሸክላ ብቻ አስቀርጾ የሞተው ሳክስፎን ነፊ። ሰውዬው በሁለት እጁ ያዘው። በዓለም ላይ ጥቂት ነው የቀረው አለ። ሽፋኑ ላይ ግን፣ በኦርቪል ፎቶ ግንባር ላይ አልፎ ከዳር እስከ ዳር፣ በቀይ የሰም እርሳስ የተጻፈ ስም ነበረበት። የማን እንደሆነ ታውቃለህ። ፊደል የለየህ ሰሞን "የኔም ስም ይኑርበት" ብለህ ጻፍክበትና እማዬ በነጠላ ጫማ ስታባርርህ ሚስ ሃቲ አልጋ ሥር ገብተህ አመሸህ። ሰውዬው "ይህን የሕፃን ሙንጭርጭር አሁኑኑ አስለቅቀዋለሁ" አለ። ከቦርሳው የላይተር ቤንዚን አወጣና በጥጥ ያሸው ጀመር። ለመከልከል እንኳ ጊዜ አልሰጠንም። ጥጡ ቀላ፣ ሽፋኑ ጸዳ። ከዚያ ታምር እንደሠራ ሰው ከፍ አድርጎ አሳየን።

እማዬ ተቀበለችው። ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው፣ በጣቷም ዳበሰችው። "እዚህ ጋ እኮ ልጄ ነበር" አለች። ሰውዬው ግራ ገብቶት "ስሞቹን አስለቅቃቸው ያለኝ ራሱ ዋላስ ነው" አለ።

እኔ ታላቅ እህትህ ነኝ፤ አንተን በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩህ። ወታደር ሆነህ ስትሄድም፣ እዚያው አገር ስትቀርም፣ ለአባባ ቀብር ሳትደርስም አንድ ክፉ ቃል አልጻፍኩልህም። ዛሬ ግን በጣም ተቀይሜሃለሁ። እሷን ቤቱ መቼ ከበዳት? እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ባርኔጣዋን ሳታወልቅ ነው አንድ ሸክላ የምታስቀምጠው። ሚስ ሃቲ የስኳር ድንች ኬክ ይዘው ይመጣሉ፤ ሙዚቃው ሲጀምር ይጨቃጨቃሉ፣ ሲያልቅ ይታረቃሉ። ይህን ወስደህ የት ልታስቀምጣት ነው? ደህና ያደረግህ መስሎህ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱም ነው የባሰ የሚያናድደኝ፤ መጠየቅን የሚያህል ቀላል ነገር እንዴት አቃተህ?

ቀጥሎ የሆነውን ስማ። እማዬ በምሠራበት መጋዘን ሣጥን ላይ የምጽፍበትን ወፍራም ጥቁር ብዕር አምጪ አለችኝ። አመጣሁላት። የመጀመሪያውን ሸክላ ከካርቶኑ መዝዛ ሽፋኑ መሐል ላይ፣ ከመንገድ ማዶ በሚነበብ ፊደል "ቨርኔል" ብላ ጻፈች። ቀጠለች ሁለተኛውን። ሰውዬው "እትዬ፣ ዋጋውን እያጠፉት እኮ ነው" ብሎ ጮኸ። ሚስ ሃቲ "እንዳይጠፋባት ነው" አሉትና ብዕሩን ተቀብለው በእሳቸው ሸክላ ላይ ሙሉ ስማቸውን በትልቁ ጻፉበት። እኔም አገዝኳቸው። ሰውዬው ባዶ ካርቶኑን ይዞ ወጣ። አንዱን ጓንቱን ግን ረስቶልናል። እማዬ አሁን ሸክላ የምትወለውለው በእሱ ነው፤ ግሩም ነው ትላለች።

ለማንኛውም ኡርሱላን ሰላም በልልኝ፤ ይህን ደብዳቤ እንዳታነብላት፣ እሷ ምን አጠፋች። ልጆቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ፤ ትልቋ የላከችው ፎቶ ማጫወቻው አጠገብ ተሰቅሏል። ሚስ ሃቲ ሰላም ብለውሃል፤ "አልጋዬ ሥር አሁን አይበቃውም በይው" ብለዋል። እማዬን ምን ልበልልሽ ብላት ሸክላዋን መወልወል ቀጠለች። በኦርቪል ቴይት ሸክላ ላይ የእሷን ስም ልጽፍበት ብዕሩን ሳነሳ ግን እጄን ያዘችኝ። የአንተንም ስም እንዳልጽፈው ከለከለችኝ። "የሱን እጅ ማንም አይጽፍልኝም" አለች። ሰኞ ዕለት በዚያ በታመመ ጉልበቷ እስከ ሱቅ ድረስ ሄዳ ቀይ የሰም እርሳስ ገዝታ መጣች። ሽፋኑ ውስጥ ከሸክላው ጋር አስቀምጣዋለች።

የተቀየመችህ እህትህ
ኢርሊን

ሰሜን ፊላደልፊያ
ኦክቶበር 17 ቀን 1991